«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም

መምህርቷ ለአራተኛ ጊዜ ሲሄዱ የቁጠባ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው፣ የወራሽነት ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ አስደርገው፣ ቢሮው ሳይከፈት ነበር በሩ ላይ የደረሱት። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ታውቃቸዋለች። ሰላም አለቻቸውና የአባልነት ቁጥሩን ከደብተሩ ላይ እያየች መታች።

«አልተገኘም እማማ።»

«እስቲ በስሙ ሞክሪልኝ ልጄ።»

በስም መታች። ትንሽ ጠበቀች።

«በስምም የሉም። ሲስተሙ ላይ የሉም።»

ባለቤታቸው በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ከደመወዛቸው በየወሩ እያስቆረጡ ሲቆጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡም «ለቤቱ ማደሻ ይሆናል» ብለው ገንዘቡን ሳይነኩት አረፉ። ደብተሩ ላይ ማኅተም አለ፣ ፊርማ አለ። የመጨረሻዎቹን ገጾች ግን ውኃ ነክቷቸው ጠቅላላ ድምሩ አይነበብም። ማኅበሩም ቢሮ ሲቀይር የድሮውን የወረቀት መዝገብ አስወግዶታል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ «አልተገኘም» አለ።

የአገራችን ሰው «ሲስተም የለም» የሚለውን ለምዶታል። ሲስተም ከሌለ ነገ ይመጣል፤ ወይም ከሰዓት በኋላ። «ሲስተሙ ላይ የሉም» ግን ሌላ ነገር ነው። ነገ የለውም። ሰውየው ሃያ ዓመት ያስቆረጡት ገንዘብ፣ የፈረሙት ፊርማ፣ አባል ሆነው የኖሩት ዘመን እንዳልነበረ ሆነ ማለት ነው። መምህርቷ በዚያ ቀን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ያናደዳቸው ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነበር።

✦

የወንድማቸው ልጅ ፕሮግራመር ነው። እሑድ ቡና ላይ ነገሩን ሲሰማ የጠየቀው ጥያቄ ለሳቸው እንግዳ ሆነባቸው።

«እቴቴ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው ቃል ምን ነበር? ‹የለም› ነው ወይስ ‹አልተገኘም›?»

«ምን ልዩነት አለው አንተ?»

«ብዙ ልዩነት አለው።»

በሳምንቱ አብሯቸው ሄደ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አዛውንት ናቸው፤ ሟቹን በደንብ ያውቋቸው ነበር። ኮምፒውተሩ ከክፍሉ እንዳይወጣ፣ እሳቸውም አጠገቡ እንዲቀመጡ ተስማምተው ፈቀዱለት። ይህ ቅድመ ሁኔታ ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ግልጽ ይሆናል።

ፕሮግራሙ በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ነው። የሠራው ባለሙያ አገር ለቆ ሄዷል። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ሌላ ባለሙያ የድሮውን መዝገብ ሳይነካ አዲስ ስክሪን ሠርቶለታል። የሁሉም አባል ሂሳብ የተቀመጠው በርክሌይ ዲቢ በሚባል ዳታቤዝ ነው።

ዳታቤዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቅ ሰርቨርና ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ይህኛው እንደዚያ አይደለም። በራሱ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ የሚኖር፣ መዝገቡን በአንድ ተራ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ ትንሽ መሣሪያ ነው። አሠራሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 በቤል ላብራቶሪ ዲቢኤም የተባለውን የዚህ ዓይነት መሣሪያ ሠራ። በርክሌይ ዲቢ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተወለደ። ማርጎ ሴልትዘርና ኪት ቦስቲክ ከሠሪዎቹ መካከል ናቸው። በ1996 ስሊፒካት የሚባል ድርጅት ተቋቁሞለት፣ በ2006 ኦራክል ድርጅቱን ገዛው። በነፃ ስለሚገኝና ቀላል ስለሆነ በዓለም ዙሪያ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ገብቷል። ተጠቃሚው መኖሩን እንኳ አያውቅም።

አሠራሩን ለመረዳት መሥሪያ ቤት በር ላይ ቦርሳና ስልክ ተቀብሎ የቁጥር ካርድ የሚሰጠውን ጥበቃ ማሰብ ይበቃል። ጥበቃው ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ማወቅም ሥራው አይደለም። ካርድ 17 ያመጣ የ17ን ቦርሳ ይወስዳል። ካርዱን የጣለ ሰው «ጥቁሯ ቦርሳ የኔ ናት» ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ ጥበቃው የሚያውቀው ካርዱን ብቻ ነው። በዳታቤዙ ቋንቋ ካርዱ ቁልፍ ይባላል፣ ቦርሳው ይዘት። ቁልፉ በትክክል ከገጠመ ይዘቱ ይወጣል። በአንዲት ነጥብ ከተለየ አይወጣም። «ይሄን ማለትዎ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

✦

ወጣቱ መጀመሪያ ያደረገው ፋይሉን መቅዳት ነበር። ዋናውን ሳይነካ በቅጂው ላይ መሥራት ጀመረ። ከዚያም በቁልፍ መጠየቁን ትቶ መዝገቡን ከመጀመሪያው እያገላበጠ አየው። በርክሌይ ዲቢ ከርሰር የሚባል ጠቋሚ አለው። የመጀመሪያውን መዝገብ ያሳያል፣ ቀጥሎ ያለውን፣ ቀጥሎ ያለውን እያለ ይሄዳል። ቁልፉን የማያውቅ ሰው ቁልፎቹ ምን እንደሚመስሉ የሚያይበት መንገድ ይህ ነው።

ሁለቱ በሮች ለምን እንደተዘጉ ብዙም ሳይቆይ ታየ።

አንደኛው በር ቁጥሩ ነው። ደብተሩ ላይ የተጻፈው 417 ነው። ፋይሉ ውስጥ ያሉት የድሮ ቁልፎች ግን 00415፣ 00416 እያሉ ነው የሚሄዱት። ይህ ስህተት አልነበረም። ዳታቤዙ ቁልፎችን የሚደረድረው ከግራ ወደ ቀኝ ምልክት በምልክት እያነጻጸረ ነው፤ ዜሮ ካልተጨመረ 10 ከ2 ይቀድማል። የመጀመሪያው ባለሙያ ይህን አውቆ ሁሉንም አምስት አኃዝ አደረጋቸው። አዲሱን ስክሪን የሠራው ይህን አላወቀም። የተመታውን 417 እንዳለ ይልካል። ለሰው 417 እና 00417 አንድ ናቸው። ለጥበቃው ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው።

ታዲያ ይህ ለአራት ዓመት እንዴት ሳይታወቅ ቆየ? አዲሱ ስክሪን ሲመጣ ደመወዝ ላይ ያሉ አባላት በሙሉ እንደገና ተመዝግበው ነበር። በድሮው ቁልፍ የቀሩት ጡረተኞችና ሟቾች ናቸው። ጡረተኛ በየወሩ አይመጣም። ሟች ጭራሽ አይመጣም። ስህተቱ ያረፈው መስኮት ላይ ቆሞ የሚጮህ በሌለው ወገን ላይ ነበር።

ሁለተኛው በር ስሙ ነው። የሟቹ የአባት ስም ኃይለሥላሴ ነው። ይህን ስም አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ በአንድ ድምፅ ያነበዋል። ሲጽፈው ግን የመጀመሪያዋን ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊያደርጋት ይችላል፤ ስድስት። «ሥላሴ»ን በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ሊጀምረው ይችላል፤ ሁለት። ቃሉን አንድ ላይ ወይም ለያይቶ ሊጽፈው ይችላል፤ ሁለት። ስድስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ቢያንስ 24 አጻጻፍ ነው።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሀ 4608 ነው፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ለጆሮ አንድ፣ ለማሽን ሦስት። የመጀመሪያው ጸሐፊ በደንቡ «ኃይለሥላሴ» ብሎ መዝግቦታል። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ ሰው ሁሉ በስልኩ እንደሚጽፈው «ሀይለስላሴ» ብላ ትመታለች። ከ24ቱ አንዱ ብቻ ይከፍታል፤ እሷ የመታችው ያኛው አልነበረም። ማንም አላጠፋም። መዝገቡ ግን ጠፋ።

✦

ወጣቱ 00417 ብሎ ጠየቀ። ይሄኔ ሊቀመንበሩን ያስደነገጠ፣ እሱን ግን ያስደሰተ ነገር ሆነ። ዳታቤዙ የመለሰው «አልተገኘም» አልነበረም። የስህተት መልእክት ነበር፦ ያን ገጽ ማንበብ አልተቻለም።

«ተበላሽቷል ማለት ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አዎ ጋሼ። ግን አለ ማለት ነው።»

የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ ነገር እዚህች ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዳታቤዝ ሲጠየቅ ሦስት ዓይነት መልስ አለው። አንድ፦ ይኸው። ሁለት፦ በዚህ ቁልፍ የተመዘገበ የለኝም። ሦስት፦ ማወቅ አልቻልኩም፣ ፋይሉን ማንበብ አቃተኝ። በርክሌይ ዲቢ ሦስቱን ለይቶ ይመልሳል፤ ለእያንዳንዱም የተለያየ ኮድ አለው። አዲሱን ስክሪን የሠራው ባለሙያ ግን አንዲት መስመር ጻፈ፦ መልሱ «ይኸው» ካልሆነ፣ «አልተገኘም» በል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መልስ ተጨፈለቁ። ቀጥሎ መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ «አልተገኘም»ን ወደ «የሉም» ተረጎመችው። «አላውቅም» ብሎ የተነሳው ቃል ሁለት እጅ አልፎ መምህርቷ ጆሮ ሲደርስ «ባልሽ እዚህ አልነበረም» ሆነ።

በዚህ መሰናከል የማኅበሩ ብቻ ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 የቢትኮይን መረብ ለሰዓታት ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አዲሱ የቢትኮይን ሶፍትዌር ሌቭል ዲቢ ወደሚባል ሌላ ዳታቤዝ ተዛውሯል፤ የድሮው በርክሌይ ዲቢን ይጠቀማል። ብዙ ዝውውር የያዘ አንድ ትልቅ መዝገብ ሲመጣ፣ የድሮው ሶፍትዌር ዳታቤዙ በአንድ ጊዜ መቆለፍ ከሚችለው መጠን በላይ ሆነበት። «ማስተናገድ አልቻልኩም» ማለት ሲገባው «ይህ መዝገብ ልክ አይደለም» ብሎ ጣለው። አዲሶቹ ደግሞ ተቀበሉት። በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒውተሮች ስለ ገንዘብ ሁለት የተለያየ እውነት ይዘው ቆሙ። የተፈታው ብዙዎቹ ወደ ድሮው ሶፍትዌር እንዲመለሱ ሰዎች ተነጋግረው ከተስማሙ በኋላ ነው። የአቅም ማነስን የሌላው ጥፋት አድርጎ መተርጎም የትም አለ።

✦

ገጹ ለምን ተበላሸ? መልሱን ማንም የአዲስ አበባ ነዋሪ ይገምተዋል። መብራት። በርክሌይ ዲቢ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ዘዴ አለው። ለውጡን አስቀድሞ በሌላ ፋይል ይጽፍና መብራት ሲመለስ ከዚያ ያስተካክላል። ይህ ግን እንዲሠራ ፕሮግራመሩ ሊያበራው ይገባል። እዚህ አልበራም ነበር። በመጻፍ መሐል መብራት በሄደ ቁጥር የፋይሉ አንድ ጥግ ይቆሰል ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ላለው ጊዜ ከዳታቤዙ ጋር የሚመጣ የማዳኛ መሣሪያ አለ። ሥርዓቱን ትቶ ፋይሉን ገጽ በገጽ ይጠራርጋል፣ ያገኘውን ሁሉ ያወጣል። የሚወጣው ግን የቁጥሮች ክምር ነው። ዳታቤዙ የይዘቱን ትርጉም አያውቅምና። የትኛው ቁጥር ብር እንደሆነ፣ የትኛው ቀን እንደሆነ የሚያውቀው የጠፋው ባለሙያ ብቻ ነበር።

የረዳቸው ደብተሩ ነው። ውኃ ያልነካው የመጨረሻ መስመር ላይ የ150 ብር ተቀማጭ ተመዝግቧል። 150 ብር 15,000 ሳንቲም ነው። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ይህን ቁጥር ሲያስቀምጥ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይከፋፍለዋል፦ 152 እና 58። ሃምሳ ስምንት ጊዜ 256 ሲደመር 152፣ ልክ 15,000 ይመጣል። ወጣቱ በክምሩ ውስጥ 152ን እና 58ን ተከታትለው ፈለጋቸው። 00417 ከሚለው ቁልፍ አጠገብ ተቀምጠው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ቀሪውን መፍታት የሰዓታት ሥራ ነበር። ጠቅላላ ድምሩ ወጣ። የማዳኛ መሣሪያው አንዳንዴ የተሰረዘ አሮጌ መዝገብም ስለሚያወጣ፣ መምህርቷና ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አድርገው የሚነበበውን የደብተሩን ገጽ ከወጣው ጋር መስመር በመስመር አመሳከሩት። ገጠመ።

በዚህ መሐል ግን ስክሪኑ ላይ የሌላውም ሰው ሂሳብ ሁሉ እያለፈ ነበር። የማን ብድር ስንት እንደሆነ፣ ማን ምን ያህል እንዳለው። እንዲህ ያለ ዳታቤዝ በራሱ ዘበኛ የለውም፤ ፋይሉን የያዘ ሁሉንም ያያል። የሊቀመንበሩ «አጠገብህ እቀመጣለሁ» ትክክል የነበረው ለዚህ ነው።

✦

ሊቀመንበሩ ደስ አላቸው። «እንግዲህ የእርስዎን እንጨርስልዎታለን» አሉ። ነገሩ እዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር።

መምህርቷ ግን ተነሥተው አልሄዱም። «የሌሎቹስ?» አሉ።

ሊቀመንበሩ ዝም አሉ። የዝምታቸው ምክንያት ግልጽ ነው። በድሮው ቁልፍ የቀሩት ሰዎች ብዙ ናቸው። ያልተጠየቀ ገንዘብ በማኅበሩ ሂሳብ ውስጥ ተኝቶ ለሌሎች ብድር እየሆነ ነው። ዝርዝሩ ከተለጠፈ ጠያቂው ይመጣል። ከጠያቂዎቹም አንዳንዶቹ መዝገባቸው ጨርሶ ሊነበብ ያልቻለ ነው፤ ለእነሱ ምን ይባላል? ማኅበሩን የሚያናጋ ጥያቄ ነው። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ጫናው እውነተኛ ነው።

«ጋሼ» አሉ መምህርቷ፣ «ሠላሳ ዓመት ስም ጠርቻለሁ። ‹አቤት› ያላለ ልጅ ሁሉ ቀሪ አይደለም። ስሙን አሳስቼ ጠርቼውም ይሆናል። ቀሪ ብዬ ከመጻፌ በፊት ቀና ብዬ ክፍሉን አያለሁ።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ሁለት ወረቀት ተለጠፈ። በአንደኛው ላይ መዝገባቸው የተገኘ የድሮ አባላት ቁጥር አለ፤ የገንዘቡ መጠን አልተጻፈም። ሁለተኛው አጭር ነው። የእነዚህን አባላት መዝገብ ማንበብ አልቻልንም፣ ደብተርም ሆነ ደረሰኝ ያላችሁ አምጡ ይላል። በዚህኛው ወረቀት ያሉት ሰዎች ገንዘባቸውን ያግኙ አያግኙ ገና አልታወቀም። ቢያንስ ግን «አልነበራችሁም» የሚላቸው የለም።

✦

ይህ የአንድ ትንሽ ማኅበር ታሪክ ነው። ግን አገሪቱ በሙሉ መዝገቧን ከወረቀት ወደ ማሽን እያዛወረች ባለችበት ጊዜ ጥያቄው የሁሉም ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ ፋይዳ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር እየሰጠ ነው። ቁጥር ከስም የተሻለ ቁልፍ መሆኑ አያከራክርም፤ ኃ እና ሀ የለበትም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የተመዘገበ የጡረታ፣ የቁጠባ፣ የቤት፣ የትምህርት መዝገብ ሁሉ አሁንም በስምና በአሮጌ ቁጥር ነው የተቆለፈው። ከመዝገቦቹ ጀርባ ያሉት ሰዎች አርጅተዋል፣ ተሰደዋል፣ ወይም አርፈዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፍለጋው ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ ቆጥሮ ይፈልግ፤ የሰውየው ስም ግን ራሱ እንደጻፈው ይቀመጥ። ስክሪኑ «በዚህ ቁልፍ የለም» እና «ማንበብ አልቻልኩም» የሚሉትን ለይቶ ይናገር። አዲስ ሲስተም ሲገባ የድሮው መዝገብ በከርሰር ከዳር እስከ ዳር ይቆጠር፤ በፋይሉ ውስጥ ያለው ብዛትና በስክሪኑ የሚገኘው ብዛት እኩል መሆኑ ሳይረጋገጥ ወረቀቱ አይጣል። የይዘቱ አቀማመጥም በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ በማኅደር ይቀመጥ።

ከሁሉ በላይ ግን የማስረዳት ሸክሙ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስታረም መብት ሰጥቶታል። መብቱ ትርጉም የሚኖረው መዝገቡን የያዘው ወገን «በደንብ ፈልጌያለሁ» ማለት ሲችል ነው። አንድ ጊዜ በአንድ አጻጻፍ መትቶ «የሉም» ማለት ፍለጋ አይደለም።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። መምህርቷ የወረሱት በመጽሐፍ የነበረ ነው። ለመውረስ ግን መጻፉ ብቻ አልበቃም፤ አንድ ሰው ከስክሪኑ ቀና ብሎ ክፍሉን ማየት ነበረበት።